የክሌም ፓስኮ ግምት

«ግማሽ አካሉ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቱ ተይዟል፣ እሱ ግን አልጋው ላይ ተጋድሞ ምሕዋር ያሰላል። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ይሄ?»

ቨርና ፓስኮ ይህን የሰማችው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሆና የባሏን ፒጃማ ከማሽኑ ስታወጣ ነው። ተናጋሪው ዴስ ነበር፣ የሰማይ ተመልካቾች ክበብ ሊቀ መንበር። ልጇ ሮስሊን መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አቁማ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ፣ በመስታወት እያየች ከንፈሯን ትቀባለች። እናቷ ገና ጓዳ ያለች መስሏታል። ዴስ ንግግሩን ቀጠለና፣ ዛሬ የመታሰቢያ ሰሌዳውን ለክሌም ሲሰጡት ስለ ሚስቱም አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል ማድረግ እንደሚፈልግ፣ ግን ምን እንደሚል እንደቸገረው ነገራት። ሮስሊን ሳቀች። «እማዬማ ያው ሻይ ስታፈላ ነው የኖረችው፤ አሁን ደግሞ የአባዬን የስሌት ወረቀት ከመጦሪያ ቤቱ ታመላልሳለች። ታማኝ ተላላኪ በላት።» ዴስም ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። ቨርና እርጥቡን ፒጃማ ደረቷ ላይ እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ውኃው ሹራቧን አልፎ ሲቀዘቅዛት ፒጃማውን ቅርጫት ውስጥ ጥላ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስትሠራው የቆየችው ወረቀት ተዘርግቷል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከውቅያኖስ ማዶ አንድ ሮኬት ተተኩሷል፤ የጫነው የጦር ኃይል ሳተላይት ስለሆነ ባለቤቶቹ በየት በኩል እንደሚዞር አይናገሩም። የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስብርባሪ ሊወድቅ ስለሚችል መርከቦች በዚህ ሰዓት ከዚህና ከዚያ ባሕር ይራቁ ይላሉ። ለቨርና ይህ ይበቃታል። የተከለከሉትን ባሕሮች ካርታ ላይ በእርሳስ ታያይዛቸዋለች፤ ከመስመሩ አቅጣጫ የምሕዋሩን ዝንባሌ ታገኛለች፤ የመጨረሻው ክልል ምን ያህል እንደራቀ አይታ ከፍታውን ትገምታለች፤ ከከፍታው ደግሞ ምድርን በስንት ደቂቃ እንደሚዞር። በእሷ ከተማ በአደሌድ፣ በፐርዝ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በሆላንድ እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠብቁ አርባ የማይሞሉ ሰዎች አሉ። የመጀመሪያው ግምት ካልደረሳቸው ሰማዩ ሰፊ ነው፣ የት እንደሚያዩ አያውቁም። ግምቱ ሲደርሳቸው በሰዓቱ ወጥተው ያዩታል፣ ሰዓቱን ይመዘግባሉ፣ ትክክለኛው ምሕዋር ከዚያ ይወጣል።

ይህ ግምት ለሃያ ሁለት ዓመት ከዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው የወጣው፣ በክሌም ፓስኮ ስም። ክሌም ዓይን ነበረው፤ የጨለመች ነጥብ እንኳ አታመልጠውም። ስሌቱ ግን የቨርና ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አንድ የሮኬት መሞከሪያ ቢሮ ተቀጥራ፣ የሮኬቱን በረራ ከተቀረጸበት ፊልም ላይ እየለኩ ቁጥር ከሚደምሩ ልጃገረዶች ጋር ሦስት ዓመት ሠርታለች፤ ስታገባ፣ ያገባች ሴት ሥራ እንድትለቅ በሚያዘው የዘመኑ ደንብ ወጣች። ክሌም የኢሜይል አድራሻውን ሲከፍት የራሱን ስም ጻፈ፣ ያኔ ማንም ልብ ያለው የለም፣ እሷም ጭምር። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ጥሎት መጦሪያ ቤት ሲገባ በስሙ መላኩን ቀጠለች፤ ከየአገሩ የሚመጣለትን ምስጋና ስታነብለት ግራ ዓይኑ ይበራ ነበርና።

ውጭ ሮስሊን ጥሩምባ ነካች። ቨርና ቁጭ አለችና ላፕቶፑን ስባ ጻፈች፦ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ አደሌድ ላይ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ። እጇ የለመደውን ስም ሊጽፍ ሲል አቆመችው። «ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ቨርና ፓስኮ» ብላ ላከች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መንገድ ላይ ሮስሊን ስለ ሰላጣ ዋጋ አወራች፤ አንዷ ራስ ስምንት ዶላር ገብታለች። የማዶዎቹ ጎረቤቶች ያችን ባለሁለት መኝታ ቤታቸውን በሰባት መቶ ሺህ መሸጣቸውን፣ ማን ያስብ እንደነበር፣ የእናቷም ቤት ለአንድ ሰው መስፋቱን፣ በክረምት ማሞቁ ብቻ ስንት እንደሚፈጅ እያከታተለች ተናገረች። ቨርና እሺ እሺ ትላለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የነሐሴ ብርድ የመኪናውን መስታወት ከውስጥ አላብሶታል። ሮስሊን የእናቷን እርጥብ ሹራብ አየት አድርጋ ማሞቂያውን ከፍ አደረገችው፣ ግን ምን ነክቶሽ ነው ብላ አልጠየቀቻትም።

በመጦሪያ ቤቱ ክሌምን ላጭተው፣ ከረባት አስረውለት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑና አንድ ቁም ሣጥን ከገቡ በኋላ ለሁለት ጠያቂ ወንበር አይተርፍም። መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውንና የጡብ ግንብ ያሳያል። ከማብሰያው የተቀቀለ በግ ይሸታል፣ ከኮሪደሩ የወለል ማጽጃ። ሮስሊን ዴስን ልትቀበል ስትወጣ ቨርና ጎንበስ ብላ እንደ ሁልጊዜው በጆሮው ነገረችው፤ ዛሬ አሥራ ሁለት ከሠላሳ አንድ፣ ከደቡብ፣ በሁለቱ ጠቋሚ ኮከቦች አጠገብ አልፎ። ክሌም የግራ አውራ ጣቱን አነሳ። ደህና ነው ማለቱ ነው።

«ዛሬ በስሜ ነው የላክሁት» አለችው።

አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ አላያትም።

ዝግጅቱ በሳሎኑ ነበር። ዴስ ስልሳውን ያለፈ፣ ፊቱ የቀላ፣ ደግ ሰው ነው፤ ከክበቡ አራት ሰዎችና አንድ ትሪ ላሚንግተን ኬክ ይዞ መጥቷል። የሚያንቀላፉት አረጋውያን ኬኩን ሲያዩ ነቁ። ዴስ ንግግር አደረገ፤ ክሌም ከማንም ቀድሞ ስላገኛቸው ሳተላይቶች፣ በሃያ ሁለት ዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ስለ መሳሳቱ፣ በሽታ ላይ ወድቆ እንኳ ስላላቋረጠው ሥራ። ስለ ታማኟ ባለቤቱም እንደታሰበው አንዲት ዐረፍተ ነገር አለ፤ ሰዎች ዞር ብለው ፈገግ አሉላት። የነሐሱን ሰሌዳ ክሌም ጭን ላይ አኖረለት። «የመጀመሪያውን ግምት ለሰጠን ለክሌም ፓስኮ» ይላል። ከዚያም የሻይ ስኒውን ይዞ ወደ ቨርና ቀረበ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቨርናዬ፣ ዛሬ ጠዋት በክሌም አድራሻ የወጣው መልእክት ሰዎቹን ግራ አጋብቷቸዋል። አንዱ ‹ክሌም ሞተ እንዴ?› ብሎ ጽፏል። ሌላው አድራሻው ተሰርቋል ባይ ነው።»

«አልተሰረቀም። የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«መጻፉንማ ሁሌም አንቺ ነሽ የምትጽፊለት። ‹ያሰላሁት እኔ ነኝ› የሚለውን ነው።»

«አዎ፣ ያሰላሁት እኔ ነኝ። የዛሬውንም፣ የአምናውንም፣ ሁሉንም።»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ማንኪያው ስኒ ውስጥ እንዳለ ማማሰሉን ተወ። ሮስሊን «እማዬ» አለች፣ ሕፃን ልጅ ሳያስደነግጥ ከመንገድ እንደሚጠራ ሰው በለሆሳስ። ዴስ ስኒውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እሱን ጠይቁት» አለች ቨርና። «አፉ ነው እንጂ የተያዘው ጆሮው ደህና ነው።»

ዴስ መጠየቁን አልወደደውም ነበር። ግን ሁሉም እያየው ነውና በወንበሩ አጠገብ በርከክ አለ። «ክሌም፣ ወንድሜ፣ ስሌቱ የማን ነው?»

ክሌም በአንድ ጊዜ ከሦስት ቃል በላይ አይወጣውም፤ ያም ከስንት ትግል በኋላ። ዓይኑ ከዴስ ወደ ክበቡ ሰዎች፣ ከእነሱ ወደ ልጁ ሄደ፤ ሮስሊን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ስለ እሱ ትምህርት ቤት ስታወራ በነበራት የኩራት ፊት ታየዋለች። ግራ እጁን ሰሌዳው ላይ አሳረፈ። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተወጠረ።

«የኔ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ ይበልጥ አጥርቶ፣ «የኔ ነው።»

ለወራት ከአፉ ከወጣው ሁሉ የጠራው ቃል ይህ ነበር። ከኋላ አንዲት አሮጊት አጨበጨበች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ቨርና ዓይኑን ፈለገችው። አላገኘችውም፤ ሰሌዳውን ነው የሚያየው። ከፍታ ስብርባሪው ከሚወድቅበት ባሕር ርቀት እንዴት ይሰላል ብላ ልትጠይቀው ትችል ነበር፣ በሰው ፊት። ጥያቄው ምላሷ ላይ ደርሷል። ግን ቃሉን ለማውጣት ሲታገል አገጩ ላይ ምራቅ ወርዶ ነበር፤ እጇ ከልማዱ መሐረቧን አወጣና ጠረገለት።

ሲወጡ ዴስ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። የዛሬውን ግምት እሱ ራሱ ሠርቶ ለሁሉም መላኩን፣ ሳተላይቱ ዝቅ ብሎ ስለሚዞር አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ እንደሚያልፍ፣ እሷ ምንም እንዳትጨነቅ ነገራት። እንደዚያ ዝቅ ካለ የመጨረሻው የተከለከለ ባሕር ለምን ያን ያህል እንደራቀ ጠየቀችው። ዴስ ቅንድቡን አነሳ። «ክሌም ነው የነገረሽ?» አለ።

በኮሪደሩ ላይ ሮስሊን እጇን ያዘቻት። ልጇ እጇን ከያዘቻት ቆይቷል። ማንም ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ባዶ ቤት ቢቀመጥ ነገር እንደሚምታታበት፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ፣ ለማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እንደምትይዝላት ነገረቻት። «ምንም የሚያም ነገር የለውም እማዬ። ሰዓት ሣዪ ይሉሻል፣ ሦስት ቃል ነግረውሽ ቆይተው ይጠይቁሻል፣ አለቀ።» ቨርና አባትሽ ዋሸ ልትላት ፈለገች። የልጇን ዓይን ስታይ ግን ሮስሊን ይህን እንደማትሰማ፣ ብትሰማም ለቀጠሮው ሌላ ማስረጃ እንደሚሆን ገባት። «ማክሰኞ ስንት ሰዓት?» አለች።

ቤት ሲደርሱ ሮስሊን ላፕቶፑን ከነገመዱ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። አድራሻውን ሰው ነክቶት እንደሆነ የሥራ ባልደረባዋ እንዲያይላት ነው አለች፤ እስከ ቅዳሜ ትመልሰዋለች። ቨርና አልተከራከረችም። ሮስሊን ጉንጯን ስማት፣ ማሞቂያውን አብርታላት፣ ሾርባ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትታላት ሄደች።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቨርና ወረቀቱ ፊት ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ሠራችው፤ ያው ወጣ። በሌላ መንገድ ሞከረችው፤ የሁለት ደቂቃ ልዩነት ብቻ አመጣ። ያም ሆኖ አላመነችም። ሁለት ጊዜ ተሳስታ ሊሆን ይችላል፣ የሚሳሳት ሰው መሳሳቱን መች ያውቃል? ውኃ ጥዳ ረስታው ማንቆርቆሪያው ሲጮህ ደንግጣ ተነሳች። ከዚህ በፊትም ረስታ ታውቃለች፣ ያኔ ግን ማሰላሰል ነበር የምትለው። ዛሬ ሐሙስ መሆኑን ለራሷ ነገረች፣ ቀኑንም ጠራች፣ ከዚያ ጋዜጣው ላይ ሄዳ አረጋገጠች። ወረቀት ጥግ ላይ ሰዓት ሣለች። ደህና ሰዓት ነበር፤ ዐሥራ ሁለቱም ቁጥሮች ቦታቸው ላይ ናቸው። ስዕሉን ስታየው ዕንባዋ መጣ፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ልጅ አሳድጋለች፣ ይኸው ሰዓት መሣል መቻሏን ትፈትናለች።

ጀምበር ስትጠልቅ የክሌምን ካፖርት ደርባ፣ አቅራቢ መነጽሩንና የሩጫ መቁጠሪያ ሰዓቱን ይዛ ጓሮ ወጣች። ሣሩ ከወዲሁ ጤዛ ይዟል። ከአጥሩ ማዶ ሰው ቋሊማ ይጠብሳል፣ ቴሌቪዥን ስለ እግር ኳስ ያወራል። ወንበሩን ፊቱን ወደ ደቡብ አዙራ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ከአሥራ አራት ሆነ። ሰማዩ ገና ፈዛዛ ሰማያዊ ነበር፤ ምንም አላለፈም። ዴስና ጓደኞቹ ክበቡ ሰማይ በሚያይበት ኮረብታ ላይ ምን እያደረጉ እንደሆነ ታውቃለች፤ አሥር ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ቴርሞሳቸውን ከድነው በብርዱ እየተሳደቡ ወደ መኪናቸው ይወርዳሉ። ጨለማው ወፈር ሲል የደቡቡ የኮከብ መስቀልና ወደ እሱ የሚያመለክቱት ሁለቱ ጠቋሚዎች ወጡ። መነጽሩን አነሳች። እንዳይወዛወዝባት ክርኖቿን ከጎኗ ጋር አጣበቀች።

አሥራ ሁለት ከሠላሳ። አሥራ ሁለት ከሠላሳ አንድ። ምንም የለም። ሴኮንዶቹን በአፏ ቆጠረች፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ሠላሳ አምስት ስትደርስ፣ እንግዲህ ልጄ ልክ ናት አለች በልቧ፣ ማክሰኞም ደህና ቀን ነው። አርባ ላይ፣ ከጎረቤቱ ጣሪያ በላይ፣ አንዲት ነጥብ ተነስታ መጣች። አትብለጨለጭም፣ አትቸኩልም። ቀጥ ብላ ወጣች፣ በጠቋሚዎቹ አጠገብ ስታልፍ ቨርና የሰዓቱን ቁልፍ ተጫነች። አሥራ ሁለት ከሠላሳ አንድ ከአርባ ስድስት ሴኮንድ። ነጥቧ በራሷ ላይ አልፋ፣ ወደ ሰሜን ወርዳ፣ በጎረቤት የመንገድ መብራት ውስጥ ጠፋች። ምድር ላይ በዚያ ሰዓት ያያት ሌላ ሰው መኖሩን ቨርና አታውቅም። ላፕቶፑ ስለተወሰደ ለተመልካቾቹ የምትጽፍበትም ነገር ቤቷ ውስጥ የለም። ከወንበሩ አልተነሳችም። ደስ የሚላት መስሏት ጠበቀች፤ ደስታው አልመጣም።

ስልኩ ሲጮህ በግድግዳው እየተደገፈች ገባች። የማታውቀው የሴት ድምፅ ነበር።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ከመጦሪያ ቤቱ ነው። ሊቲያ እባላለሁ፣ የማታ ተረኛ ነኝ፣ ዛሬ ነው የጀመርኩት። ባለቤትዎ እራት አልነካ ብለውኛል። ‹መጣ? መጣ?› ነው የሚሉት፣ ስልኩን እያሳዩ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። እንግዳ ይጠብቁ ነበር?»

ቨርና ሰዓቱን አሁንም በእጇ ይዛለች። ቁጥሩ እንደቆመ ነው። በዕድሜዋ ሙሉ ለማንም ሰው የተሳሳተ ቁጥር አውቃ ሰጥታ አታውቅም።

«አልመጣም በዪው» አለች።

ሊቲያ ስልኩን ከአፏ አራቀችው። ስትነግረው ተሰማ፣ ጮክ ብላ፣ ቃሉን እየነጠለች። ከዚያ የክሌም ድምፅ መጣ፣ የተጎረደ፣ አንድ ነገር እየጎተተ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። ቨርና ቃሎቹን ለመለየት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጫነችው፤ አልለየችም። ሊቲያ ተመለሰች።

«አይ፣ መጥቷል ነው የሚሉት እማማ። ‹ቨርና አትሳሳትም› ይላሉ። ሦስቴ ደጋገሙት፣ እያለቀሱ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቨርና ማን ናት? ልጅዎ ናት?»

ወጥ ቤቱ ጨለማ ነበር። ቨርና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ የፈለገችው ቃል ይህ ነበር፤ ዴስ ቢሰማው፣ ሮስሊን ብትሰማው ይበቃት ነበር። አሁን የሰማው ሥራ የጀመረች አንዲት ሴት ናት፣ ነገ ጠዋት ተረኝነቷ ሲያልቅ የምትረሳው።

«እኔ ነኝ» አለቻት። «ዛሬ ግን ተሳስታለች በዪው።»